ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር

መስከረም 28 ቀን
ከላይኛው ጣቢያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ደህና ነህ ወይ? እማዬስ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ለቆኛል፤ ከዚያ ውጭ የሚጎድለኝ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ ልጠይቅህ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን ይቅርታው ከልቤ ጠፋ። «እርግጠኛ ነሽ? በዓይንሽ አይተሻል ወይስ ሰው ነግሮሽ ነው?» ትለኛለህ። ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ስለካ የኖርኩ ቀያሽ እንዲህ ተብዬ ልጠየቅ! በተወለድክ በሦስተኛው ቀን በእማዬ የስፌት ሜትር ርዝመትህን የለካሁህ እኔ ነኝ። ቤቱ ሁሉ «ሜትር» እያለ የሚጠራኝ በምን መሰለህ?

አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በመሣሪያም ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። አሥራ ሰባተኛው የድንበር ድንጋይ ድሮ ከታች ወንዙ ዳር ነበር። አሁን እዚያ የለም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ወደኛ ገብቶ ዳገቱ ወገብ ላይ በአዲስ ሲሚንቶ ቆሟል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ስለነበር ጣቴን ሳሳርፍበት አሻራዬን ወሰደ። ለአለቃዬ ሳመለክት «ምናልባት በዝናቡ ተንሸራቶ ይሆናል» አለኝ።

«ሽቅብ?» አልኩት።

ሻዩን ማማሰል ቀጠለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያማስላል።

እዚህ አገር ድንጋዩን የገፋውን፣ ወንዙ ማዶ ያለውን መንግሥት በስሙ የሚጠራው የለም። «ጎረምሳው» ነው የምንለው። ትከሻው ሳይሰፋ የማገዶ እንጨት ሊለምነን ይመጣ የነበረ ጎረቤት፣ ዛሬ አጥር እየገፋ ነው። በነዚያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትሮች ውስጥ የሰፈሩ ምንጭ አለ፤ የአንድ ንብ አናቢ አርባ ቀፎዎችም አሉ። አናቢው በሽሙጥ የሚያክለው ሰው አላውቅም። «ንቦቼ ውጭ አገር ነው የሚያድሩት፤ ማንም ፓስፖርት አልጠየቃቸውም» ይላል። ይሳልና ይስቃል፣ ይስቅና ይስላል፤ ደረቱ ደህና አይደለም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። የናንተና የኛ መንግሥት «አንዱ ሲነካ ሌላው ይነሳል» የሚል ውል አላቸው። ውሉ የተፈረመው ባሌን ተከትዬ ወደዚህ አገር በተሻገርኩበት ዓመት ስለሆነ አስታውሰዋለሁ፤ ድልድዩ ላይ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። አንተ ደግሞ የውጭ ጉዳይ አስተርጓሚ ነህ፤ የሚያነቡትን የምትጽፍላቸውም አንተ ነህ። ምን ሊሉ ነው? መቼስ ዝም አይሉም።

እማዬን ስለ ዓይኗ ጠይቅልኝ። ድንበር ላይ እንደምወጣ ግን አትንገራት።

እህትህ

❖

ጥቅምት 15 ቀን
ከወደቡ ከተማ

ይድረስ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ተራራ ድረስ ይውጣ። በጥያቄዬ ስላስቀየምኩሽ ይቅርታ። የጠየቅኩሽ ባለማመን አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማንም ስላላመነ ነው።

የሁለቱ መንግሥታት የጋራ መግለጫ ሦስት ሳምንት ለምን እንደፈጀ ልንገርሽ። ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ማራገቢያው ደግሞ እየተንቋቋ የሚናገረውን ሰው ሁሉ ያቋርጣል። ከናንተ በኩል ስድስት ሰዎች መጡ። ሁሉም የተቆጡ፣ ሁሉም ኮታቸው የተጨማደደ። «ወረራ» ተብሎ ይጻፍ አሉ። የኛዎቹ «ሁኔታ» ይባል አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ቃል! የናንተው ጄኔራል እጁን እስኪያመው ጠረጴዛውን ደበደበው። በምሳ ሰዓት ግን ከወደቡ ሱቆች ትልቅ ቴሌቪዥን አሸክሞ ሲወጣ አየሁት፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የማን አገር እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከሰዓት ተመልሶ ያንኑ ጠረጴዛ በአዲስ ጉልበት ደበደበው።

በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ከጥግ ወንበሬ ሆኜ «‹ክስተት› ብንለውስ?» አልኩ። ቤቱ ተነፈሰ። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሁለቱ አገሮች በድንበር አካባቢ የታየውን ክስተት በትኩረት ይከታተላሉ» ተባለና ተፈረመ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። አልዋሽሽም፣ ያን ዕለት ኮርቼ ነበር።

እንግዲህ «ወዳጅ ሆናችሁ ለምን አትነሱም?» ላልሽው። እታለም፣ ከእማዬ መስኮት ሆነሽ ወደቡን እዪው። ከስድስቱ ክሬኖች አራቱን የተከሉት እነሱ ናቸው። ጭነቱን የሚያወርደው የፎቁ ጎረቤታችን፣ የሚመዘግበው የአክስታችን ልጅ፣ የሚጠብቀው የአክስታችን ልጅ አማች ነው። እናንተ «ጎረምሳው» ትሉታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ስሙ «ደንበኛው» ነው። ለናንተ አጥር ገፊ ነው፣ ለኛ በር አንኳኪ። በመሐላችን ውል እንጂ አንድ ዓይን የለንም። ደግሞ እናንተ ተራራ ላይ ሆናችሁ ስትጮኹ ድምፃችሁ ለራሳችሁ ጥሩ ይሰማችኋል፤ የምትከስሩት የላችሁምና። ኩራት የሥራ አጥ ሙያ ነው፤ ይቅር በይኝና።

እማዬ ዓይኗ ድኗል። መርፌ ላይ ክር ራሷ ማስገባት ጀምራለች፤ ሰፈሩን በሙሉ ቀሚስ ካላለበስኩ ብላለች። አንቺስ እዚያ ብርድ ላይ የምትቆዪው እስከመቼ ነው? ድንጋዩን መቼ ነው ደግመሽ የምታዪው?

ወንድምሽ

❖

ኅዳር 2 ቀን
ከላይኛው ጣቢያ

ለወንድሜ፤

የእማዬ ዓይን በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ደስታዬን እዚህ ላይ ጽፌ ጨረስኩ፤ ከዚህ በታች ያለው ሌላ ነው።

ክስተት! ክስተት የሚባለው የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ክስተት የሚባለው ሁለት ራስ ያለው ጥጃ ሲወለድ ነው። ሰው አካፋና ሲሚንቶ ይዞ መጥቶ፣ ድንጋይ ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ዳገት ወጥቶ ሲተክል ክስተት አይባልም። አንተ ቅቤ አንጓች! ያንን ድንጋይ አራት ሰው አያነሳውም። አንተ ግን በአንድ ቃል አነሳኸው፤ የነኩትን እጆች ሁሉ አጠፋህላቸው።

መግለጫውን ከአናቢው ጋር ሆነን ነው በሬዲዮ የሰማነው። ቤቱ ነበርን፤ ሚስቱ ቅል ታጥባለች። ሲያልቅ «ማነው ይሄን የጻፈው?» አለ።

«አላውቅም» አልኩ።

ወንድሜን ስክድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጎበዝ ነው» አለ። «እንዲህ ያለ ሰው ንብ ቢያረባ ሳይነደፍ ማር ይቆርጥ ነበር።» ሚስቱ አልሳቀችም። እሷ ብዙ አትስቅም፤ ሰው ሲናገር አፉን ነው የምታየው።

ስለኛ ሰዎች የጻፍከውን አልክድህም። ጄኔራሉን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ድረስ በእግሩ ወጥቶ አያውቅም። የኛ መንግሥት ለድንጋዩ ብሎ የሚጮህ መስሎህ ከሆነ ሞኝ ነህ። የሚጮኸው ጎረምሳው የባቡር ሐዲዱን በሌላ አገር በኩል ሊያሳልፍ ነው ስለተባለ ነው። እናንተ ስለምትሸጡ ዝም ትላላችሁ፤ እኛ ገዢ ስላጣን እንጮኻለን። በመሐል ምንጩን የሚጠጡ ዘጠና ቤተሰቦች አሉ፤ ስለነሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያነሳ ሰው ካለ ጻፍልኝ። ደግሞ ኩራት የሥራ አጥ ሙያ ነው ላልከው፣ ማጎብደድም ደመወዝ ያለው ሥራ መሆኑን ካንተ ተማርኩ።

መቼ እንደምወጣ ጠይቀሃል። ኅዳር 15 ቀን ጠዋት ከአናቢው ጋር እወጣለሁ። እሱ ብርዱ ሳይበረታ ቀፎዎቹን ያወርዳል። እኔ ወንዙ ዳር ድንጋዩ ከተነቀለበት ጉድጓድ ጀምሬ እንደገና እለካለሁ፤ ፎቶግራፍም አነሳለሁ። ካርታው ላይ የኛ መሬት ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

እህትህ

❖

ኅዳር 8 ቀን
ከወደቡ ከተማ

ለእታለም፤

ይህንን የምጽፈው በጥድፊያ ነው፤ የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። እማዬ በጣም ታማለች። ልቧ ነው ይላሉ። አንቺን ብቻ ነው የምትጠራው። ከኅዳር 15 በፊት ካልደረስሽ አትደርሽባትም ብዬ እሰጋለሁ። ሥራሽን ሁሉ ተይውና ነገ ተነሺ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ የተናገርሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ አልተቀየምኩም። ብቻ ነይ።

ወንድምሽ

❖

ጥር 20 ቀን
ከቤቴ

ለወንድሜ፤

ሦስቱ ደብዳቤዎችህ አንድ ላይ ደረሱኝ። «እንዴት ነሽ፣ ምን ይዘሽ ተመለስሽ፣ ጥርስሽ ደህና ነው ወይ?» ትላለህ። ጥርሴ ደህና ነው። ክብደቴ ቀንሷል። ቀኝ እጄ ትንሽ ይደነዝዘኛል፤ ጽሑፌ የተጣመመው ለዚያ ነው። አልመቱኝም። ሃምሳ ሦስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ አድርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ማን ላከሽ?» ማንም አልላከኝም ስላቸው ተናደዱ። ማንም ያልላከው ሰው አያውቁም መሰለኝ።

የአውቶቡሱ ሾፌር ደብዳቤህን ኅዳር 11 ሰጥቶኝ ነበር። አንብቤ አለቀስኩ፤ ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። ከዚያ ከተማ ወርጄ እናንተ ፎቅ ሥር ያለችው ፋርማሲስት ዘንድ ደወልኩ። «እናትሽ?» አለችኝ። «አሁን እዚህ ነበሩ። የልጄን ቀሚስ ሊለኩ መጥተው፣ ወገቧ ወፈረ ብለው ተቆጥተዋት ሄዱ።» ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ወንድሜ በእናቱ ላይ ሞት የሚጠራው ለምንድነው? አሰብኩ፣ አሰብኩና ገባኝ። አለቆቹ «እህትህን ከተራራው አውርዳት፣ ስብሰባ ታበላሽብናለች» ብለውት ነው አልኩ። ናቅኩህ። ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁ። ኅዳር 15 ጠዋት ወጣን፤ እዚያው የጎረምሳው ወታደሮች ያዙን።

አናቢው በሕይወት የለም። ይህን ሬዲዮ አልነገረህ ይሆናል። ክፍሉ ከኔ ክፍል አጠገብ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነው። የሚተነፍስበት መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሲፈትሹን ወሰዱበት። በሠላሳኛው ቀን ሳሉ ቆመ። መጀመሪያ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ሬሳውን ድንበሩ ላይ ለሚስቱ አስፈርመው ሰጧት፤ «በተፈጥሮ ሕመም» የሚል ወረቀት አብሮ አለው።

እኔን ሲለቁኝ ድንበሩ ላይ የተቀበለኝ የናንተ አገር መኪና ነው። ሹፌሩ በር ከፈተልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ያን ቀን ሊይዙን እንደሆነ ታውቅ ነበር?

እህትህ

❖

የካቲት 3 ቀን
ከወደቡ ከተማ

ለእታለም፤

አውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ላለማንበብ መብት አለሽ። እኔ ግን መጻፍ አለብኝ።

ኅዳር 6 ቀን ሚኒስትራችን የደንበኛውን አምባሳደር በትንሿ እንግዳ መቀበያ ውስጥ አነጋገረ። ከሁለቱ ሌላ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁለት ወንበር መሐል ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ። አምባሳደሩ ጉሮሮውን ይዞት ነበር፣ ከረሜላ ይመጥጣል። ስለ አምስተኛው ክሬን ተነጋገሩ። ሊጨርሱ ሲሉ አምባሳደሩ በቋንቋው እንዲህ አለ፦ «ድንጋዩ አጠገብ ያገኘነውን ሰው ሁሉ እንይዛለን። የሚመለስ አይኖርም።»

ሚኒስትሩ ወደኔ ዞረ። እኔ «በአካባቢው ጥበቃቸውን ያጠናክራሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

«መብታቸው ነው በለው» አለኝ ሚኒስትሩ።

ያቺን በትክክል ተረጎምኳት።

ማንም አላዘዘኝም፣ እታለም። አለቆቹ አዘዙት ብለሽ ስትንቂኝ እንኳ አክብረሽኛል። አሥራ ስድስት ዓመት ሻካራውን ቃል ሁሉ ሳለሰልስ ኖሬ አፌ ራሱ የሚሠራው ሆነ። ቃሉ እንደወረደ ቢነገር ሚኒስትሩ ቢያንስ ፊቱን ማጨማደድ ነበረበት፤ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈር ነበረበት፤ የናንተም ኤምባሲ መስማት ነበረበት። ከክፍሉ ስወጣ ነው ኅዳር 15 ትዝ ያለኝ። ሽንት ቤት ገባሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እውነቱን ያልጻፍኩልሽ ደብዳቤው ይከፈታል ብዬ ፈርቼ ነው። ምስጢር ማውጣት ያሳስራል፤ እናትን ማሳመም አያሳስርም። እማዬ የሆነውን ስትሰማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «እኔን ከምትገድል ለምን ራስህን አልገደልክም?» አለችኝ፤ ምሳዬንም አቀረበችልኝ።

ያልጠየቅሽኝንም ልጨምር። መያዛችሁን የነገረኝ የነሱው ደብዳቤ ነው፤ እንድተረጉመው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «አንዲት ሴትና አንድ ወንድ» ይላል። ሚኒስትሩ ዘንድ ገብቼ ተንበረከክኩ። ተንበርክኬ ነው የምልሽ፤ ምንጣፉ ላይ። ሰውየው ደነገጠ። «እሺ፣ እሺ፣ አምባሳደሩን በግል እለምንልሃለሁ» አለ። «ስንት ሰው ነው?»

«አንድ» አልኩ። «እህቴ።»

ሁለት ብል እንቢ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብልሽ ዋሸሁ ማለት ነው። ስለ ሰውየው ጭራሽ አላሰብኩም። ከደብዳቤሽ በቀልዱ የማውቀው፣ ባለቀፎው፣ የሚስለው ሰው፤ ትዝም አላለኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ያን ቀን የተባለውን ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ፤ ሦስት ገጽ ሆነ። ፈርሜ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። አንብቦ መለሰልኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ አስተካክሎልኛል። «አዝነሃል፤ ትንሽ እረፍ» አለኝ። በሳምንቱ ወደ ወደቡ አዛወሩኝ። አሁን የክሬን መመሪያ ነው የምተረጉመው። እዚህ አንድ ቃል ባለሰልስ ብረት ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አላለሰልስም። በአርባ ዓመቴ ገና ሥራዬን እየተማርኩ ነው።

ሦስቱን ገጾች ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፊርማዬ አለበት። የፈለግሽውን አድርጊበት።

ወንድምሽ

❖

የካቲት 27 ቀን
ከቤቴ

ለወንድሜ፤

ገጾቹ ደርሰውኛል። ያደረግኩባቸውን ጠይቀህ ስለጻፍክ፣ ይኸው።

የኛ ውጭ ጉዳይ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። አስተናጋገዳቸውን ብታይ! ሻይ መጣልኝ። አንድ መነጽር ያደረገ ሹም ሦስት ጊዜ አነበባቸውና «ወይዘሮ፣ እርስዎ ምን እንዳመጡልን አያውቁም» አለኝ። ፎቶ አነሷቸው። ምክር ቤት ፊት ይነበባሉ ተባለ። «አገርዎ አይረሳዎትም» ብሎ እስከ ደረጃው ሸኘኝ። እውነት ልንገርህ? ለአንድ ሳምንት አመንኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ብሄድ ሹሙ ያው ነው፣ መነጽሩም ያው ነው፣ ሻይ ግን የለም። «ጊዜው አይደለም» አለኝ። የባቡሩ ስምምነት ተፈርሟል፤ ሐዲዱ በኛ ሸለቆ ሊያልፍ ሆነ። «በአንድ ድንጋይ ምክንያት ከትልቅ ጎረቤት ጋር መቃቃር አይበጅም» አለኝ። ሰውየው ራሱ ባለፈው ደም ሥሩ ተገታትሮ «ሉዓላዊነት» ሲል የነበረው ነው። «ከወዳጆቻችንስ ጋር?» ስለው «እነሱንማ ማሳፈር ነውር ነው» አለኝ።

ይኸውልህ፣ ሁለቱ ወዳጅ አገሮች በስንት ዘመናቸው አንድ ሐሳብ ሆኑ። እናንተ ደንበኛ እንዳይቀርባችሁ ዝም አላችሁ፣ እኛ ደንበኛ ስላገኘን ዝም አልን። እኔ ሞኟ ልዩነታችሁ ስለ እውነት መስሎኝ ነበር። ጎረምሳው ሁለታችሁን ከሚንቃችሁ በላይ ልንቃችሁ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እሱ ቀድሞኛል።

ገጾቹን ይዤ አናቢው ቤት ወጣሁ። ለሚስቱ አነበብኩላት። ማን እንደጻፈው፣ የኔ ምን እንደሆነ፣ ያን ጊዜ በሬዲዮው ፊት እንደካድኩህም ነገርኳት። ደብዳቤህ ላይ የጻፍካትን «አንድ» የምትለዋንም አልዘለልኩም። አንብቤ ስጨርስ «ወረቀት ብጠይቀው አይመልስልኝም» አለች። «የጻፈው ሰው ይምጣ።»

ብትመጣ ከሥራህ እንደሚያባርሩህ አውቃለሁ፤ ድልድዩን ለማለፍ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልግሃል። ባትመጣም አልጽፍልህም ብዬ አላስፈራራህም። የምትወስነው አንተ ነህ። ከመጣህ ግን ሻንጣህ ውስጥ ንግግር ይዘህ እንዳትመጣ።

እህትህ

❖

መጋቢት 6 ቀን
ከወደቡ ከተማ

ለእታለም፤

ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ተከለከልኩ። ሐሙስ ሳይፈቅዱልኝ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር ተሻግሬ እመጣለሁ። እማዬ ለሴትየዋ ጥቁር ቀሚስ ልስፋላት ብላ ነበር፤ ከዚያ «ካንተ እጅ አትቀበልም» ብላ ራሷ ተወችው።

ምን ልበላት? ተይው፣ አትመልሺልኝ።

ወንድምሽ

❖

መጋቢት 19 ቀን
ከላይኛው ጣቢያ

ለወንድሜ፤

በደህና መግባትህን እማዬ በፋርማሲስቷ ስልክ ነግራኛለች። ከወደቡም እንዳሰናበቱህ ሰምቻለሁ። አዝኛለሁ አልልህም፤ አልተደሰትኩም ግን። ሳልሰናበትሽ ሄድኩ ብለህ ይቅርታ ስለጠየቅክ፣ ይቅርታው አያስፈልግም። ያን ቀን ከዚያ ቤት ወጥቶ ቁጭ ብሎ መሰነባበት የሚችል ሰው ቢኖር አላናግረውም ነበር።

ከወጣህ በኋላ ምን እንዳለች ትጠይቀኛለህ። እነግርሃለሁ፤ ግን አንተ የሰማኸውንም ልድገመው፤ ደንግጠህ ስለነበር በትክክል እንደሰማኸው አላውቅምና።

በሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ አስቀመጠችህ። ሁለቱ ሴት ልጆቿ ጥግ ቆመው ነበር። «አምባሳደሩ ያለውን መጀመሪያ በሱ አፍ በለው» አለችህ። አልክ። ልጆቿ አልገባቸውም፣ ድምፁን ብቻ ሰሙ። «አሁን በኛ» አለችህ። በትክክል አልክ፤ «የሚመለስ አይኖርም» ስትል ድምፅህ ተሰበረ እንጂ ቃሉ አልተሰበረም። «አሁን ለሚኒስትሩ ያልከውን» አለችህ። ያንንም አልክ። እሷ አፍህን ነበር የምታየው።

ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቀችህ፦ «ቃሉን ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ ወሰደብህ?»

«ምንም» አልካት።

ራሷን ነቀነቀች። እኔ ያን ጊዜ ልትጮህ ነው ብዬ ተነስቼ ነበር። አልጮኸችም። «ለቤቴ ሰውስ? ስንት ነው ሲሉህ፣ ስሙ መጣብህ?» «ስሙን አላውቀውም ነበር» አልክ። ስሙን ነገረችህ። ደግመህ አልከው። «አሁን ሂድ» አለችህ፤ ሄድክ።

አንተ ቁልቁለቱን እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆማ አየችህ። ስትመለስ የተቀመጥክበትን ጨርቅ አራገፈች፣ መልሳ አነጠፈችው። እኔ «ይቅር በይው አልልሽም» አልኳት።

«ይቅር አላልኩትም» አለች። «እንቀዋለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

«አንቺ አልገባሽም» አለችኝ። «ባሌን ከቀበርኩ ጀምሮ አንድን አገር ሙሉ፣ ከነሚኒስትሩ፣ ከነወደቡ፣ ከነሬዲዮው እየናቅኩ ነው የከረምኩት። ከዚያ የኛንም ጨመርኩበት። ጠዋት ስነሳ ይደክመኛል። አሁን አንድ ሰው ነው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ። አንድ ሰው ይቻላል።»

ከዚያ ልጆቿን ጠርታ ውሃ ሊቀዱ ላከቻቸው፤ ከታችኛው ሰፈር ነው የሚቀዱት፣ ሩቅ ነው።

እኔም እንደሷ እንቅሃለሁ፤ አንድ ሰው ይቻላል።

እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ